እትዬ ጋዜጣ የጣፈችው ዜና

በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ቀጥሎ፣ በሩ ላይ ምንም ያልተጻፈበት ክፍል ነበር። ዳይሬክተሩ አንድ ቀን መጸዳጃ ቤት መስሎት ከፍቶት፣ «ይቅርታ» ብሎ መልሶ ዘግቶታል። በዚያ ክፍል አራት ሴቶች ተቀምጠን የሆስፒታሉን ጨርቅ ስንጠግን ኖረናል። በሽተኛ ሲወራጭ የቀደደው አንሶላ፣ ማሰሪያው የተበጠሰ ጋዋን፣ ሕፃን ተንጠልጥሎ ያወረደው መጋረጃ፣ ቁልፉ የረገፈ የነርስ ካፖርት፣ ሁሉም በጋሪ ይመጣል፣ ሁሉም በጋሪ ይመለሳል። እዚያ ሆስፒታል ተኝታችሁ ከተነሳችሁ ጀርባችሁ ሥር የነበረው አንሶላ በእጃችን አልፏል። አመሰግናለሁ ያለን ሰው ትዝ አይለኝም። ይሁን፤ እኔም የመጣሁት ምስጋና ልለምን አይደለም። ስለ እትዬ ጋዜጣ ልነግራችሁ ነው።

እትዬ ጋዜጣ ያልናት እኛ ነን። አጭር፣ ደረቷ ሰፊ፣ መነጽሯን በጥቁር ክር ያሰረች ሴት ናት። ክሩን የምትለውጠው ስትናደድ ነው ይባላል፤ እኔ ግን ስትናደድ አይቻት ስለማላውቅ ክሩም ያው የድሮው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ታነብልናለች። ጋዜጣው አዲስ እንዳይመስላችሁ። ከሐኪሞቹ ማረፊያ ክፍል የሚወርድ፣ የቃላት ጨዋታው በስክሪብቶ የተሞላ፣ አንዳንዴም የሻይ ብርጭቆ ክብ ያረፈበት ነው። ፎቁን የምታጸዳው ሴት ከመጣሏ በፊት ለእኛ ታወርደዋለች። ፖለቲካውን አንነካውም። የእኛ ገጽ «የሳምንቱ ግኝቶች» የሚለው ነው፤ ስለ ባህል፣ ስለ ጤና፣ ስለ አካባቢ ከየዓለሙ የተለቀመ ወሬ የሚወጣበት። አንድ ከተማ ዣንጥላ እንደ መጽሐፍ ማዋስ ጀመረ፤ የሽማግሌዎች መዘምራን ሳንባቸው በረታ፤ እንቁራሪት ደርቆ ወደነበረ ኩሬ ተመለሰች። እንዲህ ያለ ነገር።

የአሠራራችንን ልማድ ልንገራችሁ። የስፌት መኪና ሲጮህ ንባብ አይሰማም። ስለዚህ የእጅ ሥራውን፣ ቁልፉን፣ ማሰሪያውን፣ ጠርዙን ሳምንቱን ሙሉ ወደ ጎን እያደረግን ለቅዳሜ እናቆየዋለን። ቅዳሜ መኪኖቹ ዝም ይላሉ፣ መርፌ እንይዛለን፣ እትዬ ጋዜጣ ታነባለች። የእሷን ክምር ሦስታችን እንካፈላለን። ማን ያወጣው ሕግ እንደሆነ አላውቅም። አንዷ ዓይኗን ለሦስት ስትሰጥ ሦስቱ እጃቸውን ይሰጧታል። ከዚያ ምድር ቤት ውጭ ይህን የሚያክል ፍትሕ አላየሁም፤ ያየ ካለ አድራሻውን ይስጠኝ።

ሌሎቹን ላስተዋውቃችሁ። ትልቋ ሙሽራ ናት። ሙሽራ የተባለችው አንድ ጡረተኛ ሹፌር በየዓመቱ አግቢኝ እያለ ስለሚጠይቃት፣ እሷም በየዓመቱ «እስቲ ዘንድሮ ይለፍ» ስለምትለው ነው። ደም ግፊት አለባት፣ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች፣ ከእትዬ ጋዜጣ ጋር አብረው አርጅተዋል። ሁለተኛዋ ዝምተኛዋ ናት፤ ዝም የምትለው መርፌ በከንፈሯ ስትይዝ ብቻ ስለሆነ። እኔን ክብሪት ይሉኛል፤ ለምን እንደሆነ እያነበባችሁ ነው። በላያችን ደግሞ የንብረት ክፍል ኃላፊው ነበር። አንገትጌው ዘወትር እንደ ካርቶን የቆመ ስለሆነ ከኋላው ኮሌታ እንለዋለን፣ ፊት ለፊቱ አለቃ።

እትዬ ጋዜጣ ትምህርት ቤት የሄደችው ልጆቿን ለማድረስ ነው። ማንበብ የተማረችው ካገባች በኋላ ከባሏ ነው። ባሏ አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ነበር፤ ማታ ማታ የተረፈ ትኬት ላይ ፊደል እየጻፈ አስተማራት። ኋላ ሰውየው ታመመ፤ እዚሁ ሆስፒታል፣ ሦስተኛ ፎቅ ተኛ። ዓይኑ ደክሞ ስለነበር ተራው የእሷ ሆነና የስፖርቱን ገጽ ታነብለት ጀመር። የሚደግፈው ቡድን በዚያ ዓመት ያላሸነፈው ነገር ቢኖር ማንኛውንም ጨዋታ ነው። እሷ ግን አሸነፈ እያለች አነበበችለት። መጀመሪያ አንድ ለዜሮ፣ ቆይቶ ሦስት ለዜሮ። አንድ ጎረቤት ሊጠይቅ መጥቶ «ምን ዋጋ አለው፣ ወረዱ እኮ» ሊል ሲጀምር እግሩን ረገጠችው አሉ። ሰውየው የሻምፒዮን ደጋፊ ሆኖ አረፈ። ከቀብሩ በኋላ የእሱን አንሶላ ልትመልስ ወደ ምድር ቤት ወረደች፤ ቀዳዳው በእሷ እጅ ተሰፍቶ ነበር። ስፌቱን ያየችው የያኔዋ ኃላፊ «ይህን የሰፋሽው አንቺ ነሽ?» አለቻት። እዚያው ቀረች።

እንግዲህ አመሏ ከዚያ የመጣ ነው። ዜና ትጥፋለች። ጋዜጣው መጥፎ ነገር ይዞ ከመጣ፣ ጫፉ ላይ ከራሷ እራፊ ቆርጣ ትለጥፍበታለች፤ ድምፅዋም አይቀየርም። ያወቅሁት በአንድ በቀቀን ወሬ ነው። አንድ ቋንቋ የምትናገር የቀረችው አንዲት አሮጊት ብቻ ሆና፣ የምታወራውም ከበቀቀኗ ጋር እንደሆነ አነበበችልን። መጨረሻው የሰፈር ልጆች እየመጡ በቀቀኑ ሥር ተቀምጠው ቋንቋውን መማር ጀመሩ የሚል ነበር። ዝምተኛዋ አለቀሰች። እኔ የማላምን ፍጥረት ነኝና ሥራ ስናበቃ ገጹን አንስቼ አየሁት። አሮጊቷ ሞታለች። በቀቀኑ የት እንደደረሰ አይታወቅም።

«ሞተች ይላል እኮ» አልኳት ልብስ መቀየሪያው ውስጥ።

«ይላል።»

«አንቺስ ምን አልሽን?»

«እኔ ምን ልበል? ሳምንቱን ሙሉ ሰው ያማጠበትን፣ ሰው የሞተበትን አንሶላ ስትሰፉ ከርማችሁ ቅዳሜ ደግሞ ‹ሞተች፣ ደህና ዋሉ› ብዬ ልሸኛችሁ?»

«እውነቱን ማወቅ መብታችን ነው።»

«መብትሽን ይኸው አነበብሽ። ለእነሱ እንዳትነግሪ።»

አልነገርኩም። ለምን እንዳልነገርኩ እስከዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ፤ እኔ ሐሰት ሲባል ደሜ የሚፈላ ሰው ነኝ። ነገሩ ግን እራፊዋ ሁሉ ክፉ አልነበረም። አንድ ጊዜ ጨው ስለሚቀንሱ ሰዎች ጥናት ወጣ። እሷ ስታነበው «የጨው ጉዳት በተለይ መስኮት ሥር ተቀምጠው በሚሰፉ፣ ዕድሜያቸው የገፋና ጋብቻ በሚያዘገዩ ሴቶች ላይ የበረታ ነው» አለች።

ሙሽራ መርፌዋን አቆመች። «ጥናቱ እኔን የት አውቆኝ?»

«ሳይንስ የማያየው ነገር የለም።»

«ጋብቻው ምን አገባው ታዲያ?»

«እሱን አላብራራም። ቁጥር ነው ያለው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ሙሽራ ከምሳ ዕቃዋ ጨው ቀነሰች፤ ግፊቷም ወረደላት። ስንት ነጭ ጋዋን የለበሰ መክሯት ያልሰማችውን! ታዲያ እኔ ምን ብዬ ልቆጣ? ዝም አልኩ፤ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ገጹን ማየቴን አልተውኩም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። የሙሽራ የእህት ልጅ መጋረጃ ቤት ከፍታ ነበር። «አክስቴ፣ ነይና ከእኔ ጋር ስፊ፤ እስከ እሑድ መልስሽን ንገሪኝ፣ ካልሆነ ሌላ ሰው ልፈልግ» አለቻት። ጥሩ ዕድል ነው። ሙሽራ ልጅ የላትም፣ ጡረታዋም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ያላት ሁለት እጅ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ስታወላውል ሰነበተች።

«እዚያ ያለው ሬዲዮ ነው» ትላለች። «ሬዲዮ ጥያቄ አይጠየቅ፣ መልስ አይሰጥ። ከእናንተ ተለይቼ ከግድግዳ ጋር ልስፋ?»

«ከግድግዳ ጋር ብትሰፊ ግድግዳው ወሬ አያበዛብሽም፣ እንደኔ አይደለም» ትላለች ዝምተኛዋ።

ቅዳሜ መጣ። ጋዜጣው ወረደ። እትዬ ጋዜጣ መነጽሯን አጠበች፣ ወንበሯን ወደ ብርሃኑ አዞረች። የመጀመሪያው ግኝት ጥሩ ነበር። በአንድ ሩቅ ከተማ ሰዎች በወር አንዴ አዳራሽ እየተሰበሰቡ የተቀደደ ልብስ ይጠግናሉ፤ መጠገን ባህል ነው፣ ምድርን ከቆሻሻ ክምር ያድናል፤ አዋቂዎች አድንቀዋል።

«እኛን ነው እኮ የሚያወራው» አለች ዝምተኛዋ። «ፎቶ አንሺ ይላኩልን።»

«እነሱ በወር አንዴ ሰፍተው ጋዜጣ ላይ ወጡ» አልኩ። «እኛ በየቀኑ እየሰፋን መጸዳጃ ቤት እንመስላለን።»

«ክብሪት ተጫረች» አለች ሙሽራ። «ቀጥዪ፣ ቀጥዪ።»

እትዬ ጋዜጣ ቀጠለች። «የእኛው ሆስፒታል» አለችና ፈገግ አለች፤ እኛም ቀና አልን። «የእኛው ሆስፒታል ንጽሕናውን ወደ ላቀ ደረጃ ሊያሸጋግር ነው። ከመጪው ወር ጀምሮ አንዴ ተለብሰው የሚጣሉ ጋዋኖችና አንሶላዎች...» ቆመች። ጉሮሮዋን ጠረገች። ውሃ ጠጣች። ሙሽራ በተስፋ ዓይን ታያት ነበር፤ ያቺን ዓይን እኔም አይቻታለሁ። «...አንሶላዎች በአንዳንድ ክፍሎች ይገባሉ። የጥገና ክፍሉ ግን ይሰፋል። አዳዲስ የስፌት መኪናዎችም ይታዘዙለታል። መብራት ያላቸው።»

ዝምተኛዋ አጨበጨበች። ሙሽራ ጋዋኑን ጭኗ ላይ ጥላ ከደረቷ ስልኳን አወጣች። እዚያው፣ ፊታችን፣ ደወለች።

«ሄሎ፣ የኔ ልጅ። እህ፣ ደህና ነኝ። ስሚ፣ ያ ነገር አይሆንም። አዲስ መኪና ሊያስገቡልን ነው፣ መብራት ያለው። አይ፣ ቅር እንዳይልሽ። እዚህ ሰው ለምጃለሁ። ሌላ ሰው ፈልጊ። እግዜር ያክብርሽ።»

እትዬ ጋዜጣን አየኋት። አፏ ተከፍቶ ነበር። እጇ ከጋዜጣው ላይ ትንሽ ተነስቶ ነበር፣ ሰው ሊያቆሙ ሲሉ እንደሚነሳው። ግን አላቆመቻትም። ስልኩ ተዘጋ። እጇም ተመልሶ ወረደ።

እኩለ ቀን ሲሆን ሙሽራና ዝምተኛዋ እየተሳሳቁ ሄዱ። እኔ ገጹን አነሳሁ። «ከመጪው ወር ጀምሮ አንዴ ተለብሰው የሚጣሉ ጋዋኖችና አንሶላዎች ሥራ ላይ ይውላሉ። በዚህም የልብስ ጥገና ክፍሉ ይዘጋል፤ ቦታውም ለዕቃ ማከማቻ ይውላል።» ከላይ ሰፊ ፎቶ ይዞ፣ መጠገን ምድርን ያድናል። ከሥር ደግሞ፣ እሰይ፣ ሊጣል ነው። በአንድ ገጽ። በአንድ ቀን። ይህን ያዘጋጀው ሰው የላዩን ሲጽፍ የታቹን አላየም፣ የታቹን ሲጽፍ የላዩን ረስቶታል። ወይም አላፈረም። ስለ አራት ሴቶች ደግሞ አንድ ቃል የለም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለ? የእኛን መባረር ከተማው ሁሉ ከቁርስ ጋር አንብቦታል።

እትዬ ጋዜጣ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ ተቀምጣ ነበር።

«አየሽው?» አለችኝ።

«አየሁት።»

«ባላነብላቸው ይሻል ነበር። መሃል ላይ ደርሼ ነው የገባኝ። ወደ ኋላ መመለስ አቃተኝ።»

«ስልኩን ስትደውል ግን መሃል ላይ አልነበርሽም።»

እንዲህ ማለት አልነበረብኝም ይሆናል፤ ግን ከአፌ ወጣ፣ እውነትም ነበር። ሴትየዋ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ስትጥል እያየን ነው ዝም ያልነው። አልነው ስል እኔም ነኝ፤ ጣፊነቷን አውቄ የቆየሁ እኔ ነኝ።

«ተነሺ» አልኳት። «ቤቷ እንሂድ።»

«አሁን?»

«እና መቼ? ጋዜጣው ሲያረጅ?»

ሙሽራ በሯን የከፈተችልን እግሯን ሳፋ ውስጥ ነክራ ቆይታ ነው፤ ወለሉ ላይ እርጥብ ዳናዋ ይታያል። የመኪናውን ዜና ልናከብር የመጣን መስሏት «ምነው ስኳር እንኳ አላመጣችሁ?» አለች። እትዬ ጋዜጣ ጋዜጣውን ከቦርሳዋ አውጥታ በሩ ላይ ቆማ አነበበችላት። ቃል አልጨመረች፣ ቃል አልቀነሰች። ድምፅዋ ያው ነው፤ ልዩነት የለውም። ያስፈራኝ እሱ ነው።

ሙሽራ ሰማችና «የትኛው ነው የጋዜጣው?» አለች።

«ይሄኛው።»

«የጠዋቱስ?»

«የኔ።»

«ያ ሁሉ ቅዳሜ የሰማሁትስ?»

«መሃሉ የጋዜጣው ነው። ጫፍ ጫፉ ነው የኔ፣ ያውም አንዳንዱ።»

ሙሽራ ትንሽ አሰበች። «ጨውን የተውኩት እንግዲህ በከንቱ ነው?»

«ጨው እውነት ነው። መስኮቱ ነው የኔ።»

እኔ ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ግን የሙሽራ ፊት እንደማይሳቅበት ነገረኝ።

«ባልሽን ዋሸሽው» አለቻት ቀስ ብላ። «እሱን ያለፈው ኳስ ነው፣ ኳስ ደግሞ በየሳምንቱ አለ። እኔን ያለፈኝ እንጀራዬ ነው። ግቡ አልላችሁም፤ እግሬ እርጥብ ነው።» በሩንም በቀስታ ዘጋችው። ብታላትመው ይሻለን ነበር።

ከዚያ ቀጥለን ወደ መጋረጃ ቤቱ ሄድን። የእህቷ ልጅ ሜትሩን በአፏ ይዛ ጨርቅ እየለካች ነበር። ወጣት ናት፣ ትሕትና ያላት ልጅ። እትዬ ጋዜጣ ነገሩን ከመጀመሪያው ነገረቻት፤ የራሷንም ጥፋት አልሸሸገችም።

«እትዬ» አለች ልጅቷ ሜትሩን ከአፏ አውጥታ፣ «አክስቴ አይሆንም ስትለኝ ለሌላ ሴት ሰኞ ግቢ ብያታለሁ። ቃል ሰጥቼ ልመልሳት?»

«አትመልሺያት። የሷም እንጀራ ነው።»

«ሴትየዋ ግን ጠዋት ብቻ ነው የምትችለው፤ ከሰዓት ልጅ ትጠብቃለች። ከሰዓቱ ክፍት ነው። ደግሞ አክስቴን አውቃታለሁ፤ በአማላጅ ብጠራት አትመጣም። ራሷ ትምጣና ትንገረኝ።»

ስንወጣ እትዬ ጋዜጣ «ግማሽ ቀን ተረፈ» አለች። ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። ይህን አልጣፈችውም፤ ግማሽ ነበር፣ ግማሽ አለችው።

ሰኞ ኮሌታን ጠየቅነው። አንገትጌው እንደቆመ፣ እሱ ግን ጎበጥ አለ። «እኔም ከጋዜጣ ነው ያየሁት» አለ። «ሚስቴ ናት ያሳየችኝ፣ ‹ያንተ ክፍል አይደለም ወይ?› ብላ።» ልጮህበት የከፈትኩትን አፌን ዘጋሁት። ሰውየው ላይ ለመጮህ ስንት ዓመት አስቀምጬው የነበረ ቁጣ ነበረኝ፤ እዚያው ባከነ። ለእሱም፣ እንደ እኛው፣ የነገረው ሰው አልነበረም። ወደ ዳይሬክተሩ ጸሐፊ ሄድኩ፤ ቀጠሮ የለህም አሉኝ። የለሽም ማለት እንኳ አልሆነላቸውም።

ያን ሳምንት ሙሽራ ለእትዬ ጋዜጣ ቃል አልተነፈሰችም። ክር ስትፈልግ በእኔ በኩል ትጠይቃለች፤ «ነጭ ክር አለሽ ወይ በያት።» ጎን ለጎን ተቀምጠው። እትዬ ጋዜጣም ክሩን በእኔ በኩል ትሰጣለች። በመካከላቸው የፖስታ ሠራተኛ ሆንኩ፣ ያውም ያለ ደመወዝ።

ቅዳሜ ጋዜጣው ወረደ። መኪኖቹ ዝም አሉ። ማንም ከእትዬ ጋዜጣ ክምር ላይ ቁልፍ አላነሳም፤ እሷም ጋዜጣውን አልነካችም። ራሷ ድርሻዋን ይዛ ትሰፋ ጀመር። መርፌ ጨርቅ ሲወጋ የሚሰማ ድምፅ እንዳለው ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ዝምተኛዋ አልቻለችም። «እኔ ላንብብ» ብላ ገጹን ሳበችው። «በአ... በአንድ ደ... ደሴት... ደሴት ላይ... የሚኖ... የሚኖሩ...» ደሴቲቱ ላይ የሚኖሩት ሰዎች ማን እንደሆኑ ሳይታወቅ አንድ ሙሉ ጋዋን ቁልፍ በቁልፍ ሆነ።

«ኧረ ተይ» አለች ሙሽራ። «ጆሮዬን በመቀስ ብትቆርጪው ይሻላል። የሰዎቹ ዕድሜ አለቀ እኮ።»

ከዚያ ወደ እትዬ ጋዜጣ ዞረች። በእኔ በኩል አልነበረም።

«ያንን አንብቢ። የእኛን።»

«ያለፈውን?»

«እህ። ለሁላችንም። እንዳለ።»

እትዬ ጋዜጣ ከመሳቢያዋ አወጣችው። መነጽሯን አላጠበችም። አነበበች፤ ይዘጋል የሚለውን ይዘጋል አለች፣ ዕቃ ማከማቻ የሚለውን ዕቃ ማከማቻ አለች። ስትጨርስ ጋዜጣውን አላጠፈችውም። ዝምተኛዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ መርፌ ዝም አለች።

«ደግመሽ አንብቢ» አለች ሙሽራ።

ደገመችው።

«የሚገርመው» አለች ሙሽራ ክር በጥርሷ እየበጠሰች፣ «ይሄ ጋዜጣ ከአንቺ ይበልጥ ዋሽቷል። አንቺ የሌለ መኪና ጨመርሽ። እሱ ያለን አራት ሰው ቀነሰ።»

እኔ ሳምንቱን ሙሉ ስቃጠልበት የሰነበትኩትን ነገር በሁለት መስመር አለችው። ተናደድኩባት እንኳ፤ እኔ ልለው ነበር።

«አልታረቅሁሽም» አለቻት ቀጥላ። «ከሰዓት ወደ ልጅቷ እሄዳለሁ። አብረሽኝ ትሄጃለሽ። እኔ አፍሬያለሁ፣ አንቺ ነሽ የምትናገሪው። ‹ሳታጣራ የደወለችው በኔ ምክንያት ነው› ትያታለሽ።»

«ነግሬያታለሁ።»

«መቼ?»

«ያኔውኑ። ከበርሽ ላይ እንደተመለስን። ከሰዓት ከሰዓቱን ይዛልሻለች፤ ግማሽ ቀን ነው፣ ከዚያ በላይ የለም።»

ሙሽራ አፈጠጠችባት። «ይሄ የጋዜጣው ነው ያንቺ?»

«ክብሪት ምስክሬ ናት።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «እውነት ነው» አልኩ። «ግማሽ ቀን። እኔም ነበርኩ።» ሙሽራ እጇን ዘርግታ ከእትዬ ጋዜጣ ክምር ላይ አንድ ጋዋን ሳበችና ማሰሪያውን ትሰፋ ጀመር። ዝምተኛዋ ሌላውን አነሳች። እኔም አነሳሁ።

ክፍሉ ተዘጋ። አላዳንነውም፤ ይህን የምጽፈው አዳንነው ብዬ ላጽናናችሁ አይደለም። ጋሪው ባዶውን ወጣ። አሁን እዚያ በካርቶን የታጨቀ፣ አንዴ ተለብሶ የሚጣል ጋዋን ተደርድሯል፤ በማግስቱ ከግቢው ጀርባ ተራራ ይሠራል። ዝምተኛዋ ዩኒፎርም ከሚሰፋ ቤት ገባች። እኔ እቤቴ እሰፋለሁ፣ እጽፋለሁም። እትዬ ጋዜጣ የጎረቤት ጠርዝና ዚፕ ትጠግናለች፤ ሥራዋ ሞልቷል፣ ሰው ለካ መጠገን ይፈልጋል።

ሙሽራ ከሰዓት ከሰዓት መጋረጃ ትሰፋለች። ቅዳሜ ግን ሱቁ ውስጥ ሬዲዮ አይከፈትም፤ አክስት የእህቷን ልጅ አዛለች። ሁላችንም ወደዚያ እንሄዳለን። ጋዜጣውን ያቺው ጽዳት የምትሠራው ሴት ትልክልናለች። ባለፈው ቅዳሜ የወጣው ስለ አንድ ወንዝ ነበር። ዓሣ ያልቅበታል፤ ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን እየሸጡ ነው። እትዬ ጋዜጣ እስከ መጨረሻው አነበበችና መነጽሯን አወለቀች።

«ጋዜጣው እዚህ ላይ አለቀ» አለች። «ከዚህ በኋላ ያለው የኔ ነው። ይቅር ካላችሁም ይቅር።»

የእህት ልጅ ግራ ገብቷት ወደ አክስቷ አየች። ሙሽራ ጨርቁን አስተካከለች፣ ከወንበሯ ላይ ተመቻቸች።

«የጋዜጣውን ሰማን» አለች። «አሁን ያንቺን አምጪው።»